ሻይ ከውሃ አይቆጠርም ላሉን ለክቡር አቶ ባምላክ

ለማዕበል የጭነት አገልግሎት የጤናና ደኅንነት ኃላፊ፣
ለክቡር አቶ ባምላክ፣
ጁባ ወደብ።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም ጭምር እንደምን ከረማችሁ? ትምህርት ቤት በሚያስዘጋው በዚህ የመጋቢት ሙቀት ስለ ጤናዎ የምንጸልየው ከልባችን ነው፤ እርስዎ ቢታመሙ ምን እንደምንጠጣ የሚነግረን ሰው እናጣለንና።

እኔ ማስረሻ እባላለሁ፤ ካስተም ገበያ ውስጥ መጠጥ በጅምላ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ሱቅ ስዘጋ የዕለቱን ውሎ በማስታወሻዬ የማስፈር ልማድ አለኝ። ከሐሙስ ወዲህ ግን የትኛውንም ወሬ ብጀምር እርስዎ ላይ እየደረሰ ስላስቸገረኝ፣ ለራሴ ከማስቀምጠው ለባለቤቱ ብልከው፣ ሰውም ቢያነበው ይሻላል አልኩ። ስቀመጥ ስነሳ፣ ሱቁን ከፍቼ መልሼ ስዘጋ፣ ወደብ ወርጄ ስመለስ የጻፍኩት ስለሆነ ነገሩ እዚህም እዚያም ቢረግጥብዎ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

አንድ ነገር ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ለጫኝና አውራጆችዎ የሚታደለውን የታሸገ ውሃ ለድርጅትዎ የማቀርበው እኔው ነኝ። ማስታወቂያዎ ከተለጠፈ ጀምሮ ገበያዬ ደርቷል፤ ከዩጋንዳ የሚመጣው መኪና ገና ሸራው ሳይፈታ ዕቃው ወደ እናንተ ይዞራል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በገዛ እንጀራዬ ላይ አፈር እየበተንኩ መሆኑን አውቀው፣ ምቀኛ ነው ከማለት እንዲቆጠቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ቅሬታዎቼ እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ። በወደቡ በር ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ «ከዕለታዊ የውሃ ፍላጎት የሚቆጠረው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ሻይ፣ ቡና፣ ካርካዴ፣ ጭማቂ፣ ወተትና ሾርባ አይቆጠሩም» ይላል። ይህን የመሰለ ጥልቅ ዕውቀት በነጻ ግድግዳ ላይ ስለሰጡን ምስጋናችን ወሰን የለውም። እኔ ያልተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ግን ነገሩ አልገባ ብሎኝ፣ ክሊኒክ የምትሠራውን ነርስ ራሄልን ጠየቅኳት። ሻይም ካርካዴም አብዛኛው ውሃ እንደሆነ፣ ቡናም ቢሆን ለለመደው ሰው ከሚያስወጣው የሚያስገባው እንደሚበልጥ፣ ወተትና ሾርባማ ለሚያልበው ሰው ጨውም ጭምር እንደሚመልሱ፣ ስኳር የበዛበት ነገር ሲበዛ ጥሩ ባይሆንም ከውሃነት እንደማይወጣ ነገረችኝ። ቢራን አውጥታዋለች። ቢራም ስለምሸጥ ቅር ብሎኛል፤ ቢሆንም እውነት እውነት ነው፣ በዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። በቀረው ላይ ግን ሰውነት መጠጡ በየት በኩል ዞሮ እንደመጣ የሚጠይቅ በር ጠባቂ የለውም አለችኝ።

እርስዎ ይህን ትምህርት ከሆቴል አዳራሽ ሥልጠና እንዳመጡት ሰምቻለሁ። ለዚያ ሥልጠና መጠጥ ያቀረብኩት እኔ ስለነበርኩ ፕሮግራሙን አይቼው ነበር፤ ጠዋት የሻይ እረፍት፣ ከሰዓት የሻይ እረፍት ይላል። የውሃ እረፍት የሚል አላገኘሁም። ምናልባት ከኋላ ገጹ ላይ ይሆናል።

ሁለተኛ። የሻይ ሻጮች መኖር ሠራተኛውን ከውሃ ያዘናጋል በማለት ወይዘሮ አባይነሽን ከኒሙ ዛፍ ሥር ስላስነሱልን እናመሰግናለን። ከሰል ማንደጃዋን፣ ማንቆርቆሪያዋንና ያችን አንድ እግሯ የተሰበረ በርጩማ ተሸክማ ስትወጣ በር ጠባቂው «ሻይ ኸላስ፣ አበቃ» እያለ ከኋላዋ እንደ በግ ነድቷታል። አሁን ከበሩ ውጭ፣ የጭነት መኪና አቧራ በሚጠጣበት ቦታ ተቀምጣለች፤ ሠራተኛው ደግሞ በሥራ ሰዓት ከበር አይወጣም። ላጽናናት ብሄድ «ጋሽ ማስረሻ፣ ውሃውን አፍልቼ ቅጠል ጨመርኩበት እንጂ ውሃነቱን መች ሰረቅኩት» አለችኝ። በቦቴ እየተቀዳ በየሰፈሩ የሚታደለውን ውሃ ለሚያውቅ ሰው፣ በዚህ ከተማ ከሁሉ የታመነው ውሃ የፈላው ነው። ከዚያች ማንቆርቆሪያ ያልጠጣ ሰው በወደቡ ውስጥ፣ ከጭቃው እስከ ቢሮው፣ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ስለ ቢሮው ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ። ይኸኛው ረዘም ይላል፤ ውሃ ይጠጡበት፣ ይቆጠርልዎታል።

በደንብዎ መሠረት እያንዳንዱ ጫኝ ጠዋት ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይወስዳል፤ ከቀትር በፊት ሁለቱንም ባዶውን ካስረከበ «ጠጥቷል» ተብሎ ይመዘገባል፤ ካላስረከበ የዕለት ክፍያው ይያዛል። ደንቡ እንደ ደንብ ያማረ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ረመዳንም አብሮ ገብቷል። ከጫኞችዎ ገሚሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ የቀረው እስከ ጀንበር ግባት እንኳን ውሃ ምራቁንም ሰስቶ ነው የሚውጠው። ማስታወቂያውን የጻፈው ካዋጃ፣ ማለትም ፈረንጅ፣ ቢሆን አያውቅም ብለን እናልፈው ነበር። እርስዎ ግን በኪዳነ ምሕረት ዕለት ነጠላዎን አጣፍተው ከፊቴ ሲያስቀድሱ አይቼዎታለሁ፤ ጿሚ ሰው ከቀትር በፊት ጠርሙስ ባዶ እንደማያደርግ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?

እና ጿሚው ምን አደረገ? ባዶ ጠርሙስ ካላመጣ ክፍያው ይቀራል፤ ከጠጣ ጾሙ ይፈርሳል። ስለዚህ ውሃውን ወደ ጀሪካን እየገለበጠ ባዶውን ያስረክባል። አንዳንዱ ሙሉውን እንደታሸገ ለቤቱ ያስቀምጥና ባዶ ሃይላንድ ከገበያ ገዝቶ ይመጣል። በንግድ ዓለም ብዙ አይቻለሁ፤ ባዶው ከሙሉው በላይ ተፈላጊ ሲሆን ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመነ ሹመት ነው። ካስተም ዳር በገመድ የታሰረ የባዶ ጠርሙስ ዘለላ ይሸጣል። ገዢዎቹ የእርስዎ ሠራተኞች ናቸው፤ ተመዝጋቢው ደግሞ ጤናቸው ነው።

የጫኞቹ ካቦ ሽመክትም የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ሲጾም አውቀዋለሁ፤ ጾሙን እንደ ጭነቱ ነው የሚይዘው፣ አያንጠባጥብም። ጠዋት የተሰጠውን ውሃ ገልብጦ ኒምራ ታላታ ሰፈር ላሉት ልጆቹ ይወስዳል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ኒሙ ሥር ቁጭ ሲል አባይነሽ ካርካዴ፣ ቀጥሎ በሶ በጥብጣ ትሰጠውና ነፍሱ ትመለስ ነበር። ጓደኞቹ ጀሪካኑን ሲያዩ «ካቦ፣ ዛሬም ልጆችህ ጠጥተው ዋሉልን» እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱም «እነሱ ሲጠጡ እኔ እረካለሁ» ይላል። ይህ ሁሉ በቀልድ ያልፍ ነበር። እርስዎ ኒሙ ሥር ያለችውን ሲያስነሱ ግን ጠዋት የማይጠጣው ውሃ እንዳለ ሆኖ ዘጠኝ ሰዓት የሚጠጣው ጠፋ።

አራተኛ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰው ስለጎደለ ሽመክት ካቦነቱን ትቶ ራሱ ጆንያ ተሸከመ። ከጭነት ጀልባው፣ ከባርጁ፣ ወደ ዳር በተዘረጋው ጣውላ መሐል ላይ ቆመ፤ አየ፣ ምን እንዳየ ግን እሱም አያውቅም፤ ከነጆንያው ጭቃው ላይ ወደቀ። ትከሻው ወልቋል። ራሄል ስትቀበለው ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ነበር፤ ጉሉኮስ ሰቀለችለት። ጉሉኮስም ስኳር ስላለበት በእርስዎ ደንብ ይቆጠር አይቆጠር ሳናውቅ ሰውዬው ነቃ።

በማግስቱ የቢሮዎ ደብዳቤ ደረሰው። «በዕለቱ ሁለት ጠርሙስ ውሃ መጠጣቱ በመዝገብ የተረጋገጠ በመሆኑ አወዳደቁ ከውሃ ጥም ጋር አይያያዝም፤ በሌላ መጠጥ ተጽዕኖ ሥር ሳይሆን አይቀርም» ይላል። እስከ ሰኞው ስብሰባ ከሥራ ታግዷል፤ ሰኞ ይህ ከጸና ይባረራል፣ መታከሚያውም በራሱ ይሆናል። ክቡር ሆይ፣ በሁዳዴ ውሃ አልቀመስኩም ያለውን ሰው ሰክረሃል ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ለድፍረትዎ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም።

ቅዳሜ ልጠይቀው ኒምራ ታላታ ሄድኩ። ሽመክት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ትከሻው አይደለም ያዞረው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰክሮ ወደቀ የሚለውን ሰምቷል። ባለቤቱ ልዕልት አንገቷን ደፍታ በብርጭቆ ውሃ አቀረበችልኝ። ስቀምሰው የራሴ ዕቃ ነው፤ ውሃ ሻጭ ነኝና አላጣውም። የቦቴው ውሃ ለማብሰያና ለማጠቢያ፣ ይኸኛው ሆዱን ለሚያመው ለትንሹ ልጅ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ከቤቱ ውሃ ሁሉ ለእንግዳ የተመረጠው እሱ ነበር። አልጠጣም ብል ነውር ነው፤ ጠጣሁት። መቀመጥ ያቃተኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

አምስተኛው ቅሬታዬ ስለ ስኳር ዋጋ ነበር። ሰርዤዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ስለ ስኳር ለማውራት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

እንግዲህ የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ሰኞ ስብሰባው ሲከፈት መዝገቡን እንዲያምኑ አልከለክልዎትም፤ መዝገቡ ስለ ጠርሙሱ እውነቱን ተናግሯል፣ ጠርሙሱ በእርግጥ ባዶ ነበር። ስለ ሰውዬው ግን እሱን ይጠይቁት። ራሄል ያየችውን በጽሑፍ ሰጥታኛለች፤ ይዤ እመጣለሁ። ጫኞቹም ውሃቸውን የት እንዳደረሱ ሊናገሩ ተስማምተዋል፤ ክፍያችን ይያዝብናል ብለው ፈርተው ነበር፣ ካቦው ሰካራም ሲባል ግን ፍርሃቱ ለቀቃቸው። እርስዎም እንደ ጿሚ ሰው ሽመክት የተጠማ እንጂ የሰከረ እንዳልነበር አንድ መስመር ቢጽፉለት፣ ለባለቤቱም ለልጆቹም ይበቃል። አባይነሽም ወደ ኒሙ ብትመለስ ውሃ ሻጩ እኔ እከስራለሁ፤ ግዴለም፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ነጋዴ መክሰርንም ከሥራው ይቆጥራል።

ስለ ጤናችን ላሳዩት ጭንቀት፣ ጥማችንን በባዶ ዕቃ ለለኩበት ጥበብ፣ ከሁሉም በላይ ሻይ ውሃ አለመሆኑን በዚህ ዕድሜያችን ስላስተማሩን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ። ፈጣሪ ጽዋዎን የተትረፈረፈ፣ የተትረፈረፈውንም የሚቆጠር ያድርግልዎ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
የታሸገ ውሃ አቅራቢዎ፣
ማስረሻ
ካስተም ገበያ፣ ጁባ

በተጨማሪ፦ ሰማያዊው ፔርሙዝዎ እኔ ሱቅ ሰንብቷል። ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላም በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በበር ጠባቂው እጅ እየወጣ ካርካዴ ሞልቶ ይመለስልዎ የነበረው ያው ነው። ዓርብ ዕለት አባይነሽ «ለአቶ ባምላክ የማይቆጠር ነገር እየላክሁ ላስጠማቸው አልፈልግም» ብላ አምጥታ አስቀመጠችው። አጥቤዋለሁ። የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነም ውሃ ሞልቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ሰኞ ከቀትር በፊት ባዶውን ያስረክቡን። እንደሚጾሙ አውቃለሁ፤ ደንቡ ግን አያውቅም።