ሁለቴ ቢሰፈር የሚፈስ ባሩድ

ሳልመን፣ አይዳሆ፤ ጥቅምት 14 ቀን። ዛሬ ጠዋት ከሱቄ ጀርባ እርሳስ አቅልጬ መቶ ሰማንያ አረር በቅርጽ አወጣሁ፤ የተበላሹት ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

ለእህቴ ለኮራ፤ የአላስካ ብርድ እንደምን ይዞሻል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ለአባባ ማግነም ሽጉጥ የሚሆነውን ባሩድ አገኘሁት። ቀስ ብሎ ስለሚነድ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ አይለጠፍም። ስተኩስበት አምስቱም አረር መዳፍ በማታህል ቦታ ላይ አረፉ። ከሁሉ የወደድኩት ግን አንዱ ስፍር ብቻውን ቀለሃውን ሊሞላው መቃረቡን ነው። የድሮው ባሩድ ከታች ስለሚቀር ሁለቴ ቢሰፈርም አይታይም ነበር፤ እንዲያ ያለ ጥይት ደግሞ ሲተኮስ ሽጉጡን እጅ ላይ ያፈነዳል።

ከሰዓት አባባ ራሱ በአዲሱ ባሩድ ቀለሃ ሲሞላ፣ ባሩዱ ተርፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

"ይሄን ቀለሃ ቀድሞ የሞላው ማነው?" አለኝ።

ከእሱ በቀር የነካው አልነበረም። "እኔ ነኝ፣ አባባ" አልኩት።

"አይ ነጋዴ፣ ቶሎ እንዲያልቅልህ ነዋ" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

እራት ላይ ለአንቺም ሳህን አስቀምጦ "ኮራ ቆየች" ሲል ነበር። ገናን ሳትጠብቂ ብትመጪ ደስ ይለናል። መንገዱን ያቅናልሽ፤ ወንድምሽ ዌንዴል።

ነገ ማለዳ የአባባን የድሮ ባሩድ ጣሳዎች ከጓዳው አውጥቼ ወደ ሱቅ እወስዳለሁ።