የታች መንደሯ ሴት

ኬጋል፣ የቬሳክ በዓል ባለፈ በአራተኛው ቀን

ኡዳሪ ልጄ፣

ሜልቦርን ብርዱ ጀመረ ብለሽ ነበር። የላክሁልሽን ሹራብ ለበስሽው ወይስ ቀለሙን ንቀሽ ሻንጣ ውስጥ ተውሽው? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ስለበዛ አባትሽ ከጎማ ዛፎቹ ወተት መቅዳት አልቻለም፤ ቤት ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ ምክር ይሰጠኛል። አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ የአያትሽ አልጋ ስልኩ አጠገብ ስለሆነ ነው። ሁሉን ይረሳሉ እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው።

ባለፈው «እማ፣ ሳህን ስታጥቢ ሳህኑን ብቻ አስቢ፣ ትንፋሽሽን አዳምጪ፤ እኛ መሥሪያ ቤት በኮርስ ነው የተማርነው» ብለሽኝ ነበር። ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ሳህን ሳስብ ኖሬአለሁ። አሁን የምመኘው አንድ ቀን ሳህኑ ስለ እኔ ቢያስብልኝ ነው። ግን አልቀየምኩሽም፤ እንዲያውም የምነግርሽ ነገር አለኝ፣ ደስ ብሎኛል።

አያትሽ ከየካቲት ወዲህ በየቀኑ ሙሉ ጨረቃ ነው ይላሉ። ገና ሲነጋ፣ እንደ ሙሉ ጨረቃ የጸሎት ቀን፣ ነጭ ልብሳቸውን አስመጥተው ስምንቱን የቡድሃ ቃል ኪዳን ይይዛሉ። ቃሉ ስለሚከለክል ከቀትር በኋላ እህል በአፋቸው አይዞርም። ሌላው ሰው አመሻሽ ላይ ቃሉን መልሶ፣ ከጾሙ ተፈትቶ ራቱን ይበላል፤ እሳቸው ግን ታውቂያቸዋለሽ፣ ዕድሜ ልካቸውን እስከ ማግስቱ ንጋት ነው የሚይዙት። በወር አንዴ ሲሆን ያምራል፤ በየቀኑ ሲሆን ሰው ያልቃል። አምባራቸው እስከ ክርናቸው ይንሸራተት ጀመር። ሐኪሙ ደግሞ የማታው ክኒን በባዶ ሆድ አይዋጥም አለ። አባትሽ ካላንደር ቢያሳያቸው «ካላንደር ሰው ያተመው ነው፤ ጨረቃን ማን አተማት?» አሉት።

ከዚያ አባትሽ መላ አመጣ። አመሻሽ ላይ መጋረጃውን ዘጋ፣ መብራት አበራና «እማዬ፣ ነግቷል፣ ቁርስ ደርሷል» አላቸው። ሳህኑን ጠራርገው በሉ። ሦስት ቀን እንዲህ አደረግን። በአራተኛው ቀን ሳጎርሳቸው እጄን ያዙና «ዛሬ ወፎቹ ምነው ዝም አሉ?» አሉኝ።

«ሌሊቱን ዘንቦ ነው» አልኳቸው።

አመኑኝ። ውሸት ከአፌ፣ ጉርሻው ከእጄ፤ ቃላቸውን ሳያውቁት እኔው አፈረስኩባቸው። ወጥ ቤት ገብቼ «ከእንግዲህ አልዋሽም» ስለው አባትሽ «ታዲያ በረሃብ ትሙት?» አለኝ።

በማግስቱ ወደ ቤተ መቅደሱ ወጣሁና መነኩሴውን አባ ሱሜዳን ለመንኳቸው፤ «እርስዎ ማታ ማታ መጥተው ቃሉን ቢመልሱላቸው።»

«አንድ ቀን እመጣለሁ። በየቀኑ ግን ያን ኮረብታ ጉልበቴ አይችለውም» አሉኝ። «ለመሆኑ ቃሉን ከሳቸው ጋር ማን ይይዛል?»

«ማንም። ብቻቸውን ናቸው።»

«ታዲያ ለማን ብለው ይመልሱ? ያኔ እዚህ አዳራሽ ሲመጡ ጓደኛቸው ከታመመች አብረው ቃሉን መልሰው ይሸኟት ነበር እንጂ ጥለዋት አይቀመጡም።»

እኔም በማግስቱ ነጭ ለበስኩ፣ ስምንቱን ቃል አብሬያቸው ያዝኩና አልጋቸው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ቁልቁል አዩኝ።

«አንቺ ደግሞ ከየት ነሽ?»

«ከታች መንደር» አልኩ። ውሸት አይደለም፣ የተወለድኩት እዚያ ነው።

«አቀማመጥሽ የዳክዬ ነው።»

ሁሉን ረስተው እኔን መንቀፍ አልረሱም። ብቻ ቀትር ላይ አብረን በላን። ከዚያ ወዲያ አጠብኳቸው፣ አገላበጥኳቸው፣ አንሶላውን አጠብኩ፣ ሁሉንም ወተት በሌለው ሻይ ብቻ። ሲመሽ ራሴን አዞረኝ። «እማማ፣ እኔ ደከመኝ፤ ቃሌን ልመልስ ነው። አብረውኝ ይመልሱ ይሆን?»

«ድሮም የታች መንደር ሰው ጉልበት የለውም» አሉና እጃቸውን አጋጠሙ። ራት የማይከለክለውን የየዕለቱን አምስት ቃል አንድ ላይ ደገምን፤ ስምንቱ ወረደልን። ሩዝና ምስር በላን። ክኒናቸውን ዋጡ።

ይኸው ሰባተኛ ሳምንታችን። ቀሚሴ ሁሉ ሰፍቶኛል። ያልሽውን ትንፋሽ ላዳምጥ ዓይኔን ስጨፍን እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ያን ጊዜ በዱላቸው ትከሻዬን ነካ ያደርጉኛል። በየማታው ደክሞኛል እላቸዋለሁ፣ በየማታውም እውነቴን ነው።

አሁን ወደ ደስታዬ ልምጣ። በቡድሃ በዓል፣ በቬሳክ ዕለት፣ ለአንዴ እንኳ የእሳቸው ጨረቃና የሰማዩ ጨረቃ የተስማሙ ዕለት፣ ቃሉን መልሰን እንዳበቃን የቀኑን ጽድቅ በጸሎት ለሌሎች ማካፈል ጀመሩ። ለእናታቸው፣ ለአባታቸው፣ ለሞቱት ባላቸው፣ በየስማቸው። እኔ የራቱን ሳህን ይዤ ቆሜአለሁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤

«ደግሞ እዚህ ቤት የምታጥበኝ አንዲት ሴት አለች። ስሟ ጠፍቶኛል። እጇ ሻካራ ነው፣ ግን ውሃውን ሳታሞቅ አፍስሳብኝ አታውቅም። የዛሬው ጽድቄ ለሷ ይሁን። ትረፍ፤ ትንሽ ትተኛ።»

ወደ እኔ ዞር አሉና «አንቺ የታች መንደሯ፣ ስታገኚያት ንገሪያት» አሉኝ።

«እነግራታለሁ» አልኳቸው።

ኡዳሪ፣ ይህን ለመጻፍ ነው ወረቀት የፈለግሁት። አባትሽ ስነግረው አኮረፈ፤ እሱን ስላላነሱት።

በነሐሴ ልምጣ ወይ ላልሽው፣ ሥራሽን አትበድዪ፤ ቲኬቱም ውድ ነው፣ እኛም ደህና ነን። ነጭ ቀሚስሽን ግን ከሳጥኑ አውጥቼ አጥቤ ተኩሼዋለሁ። በር ጀርባ ተሰቅሏል።

ቡድሃው፣ ትምህርቱና ጉባኤው ጥላ ይሁኑሽ። ከዚያች ሴት ድርሻ ግማሹን ላንቺ አካፍዬሻለሁ።

እናትሽ ቻንድራካንቲ