በሰጉላ ፌርማታ ስለታሰረው ጃንጥላ

ለመንግሥትና ለከተማ የአየር ንብረት ሥራ ድልድል ጽሕፈት ቤት፤
በቀኙም በግራውም በር ለምትገኙ ክቡራን ኃላፊዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እጠይቃለሁ። ሙቀቱ እንዳልነካችሁ አምናለሁ፤ ቢሯችሁ በመጣሁ ጊዜ ሁሉ ማቀዝቀዣው ደኅና ስለሚሠራ፣ በሐምሌ ወር ነጠላዬን ደርቤ ነው የጠበቅኳችሁ። ስለ ብርዱ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ ፋንትነሽ በላቸው እባላለሁ፤ በፔታሕ ቲክቫ ከተማ የማሃኔ የሁዳ ሰፈር ነዋሪ ነኝ። ትምህርቴ ጥቂት ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ለአንድ መልስ ሁለት ዓመት ስለምትወስዱ ግን ከፈጣኖቹ እቆጠራለሁ ብዬ አስባለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት ወገኖቼም እንዲያነቡት ነው፤ የዕብራይስጡ ትርጉም አብሮ ተልኮላችኋል።

ልጄ ማዕዛ በሰጉላ የፋብሪካ ሰፈር፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽግ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከባድ ሙቀት በነበረበት ሳምንት፣ የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ፌርማታው ላይ ቆመች። ፌርማታው አንድ የብረት ምሰሶና አንድ የብረት ወንበር ነው፤ ጣሪያም ዛፍም የለውም። አውቶቡሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። ደውላ፣ «እማዬ፣ ትንሽ አዞረኝ እንጂ በሰደር፣ ደኅና ነኝ፤ አሁን ይመጣል» አለችኝ። አውቶቡሱ ሲደርስ ከምሰሶው ሥር ወድቃ ነበር። ሐኪሞቹ የገደላት ሙቀት ነው አሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ከሰባቱ የሐዘን ቀን በኋላ የለመንኳችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለዚያ ፌርማታ ጣሪያ። ስላደረጋችሁልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የመንግሥት በሚባለው በቀኙ በር ያሉት ሰውዬ፣ የአየር ንብረት ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ የመንግሥት፣ ጥላ ግን ትንሽ ጉዳይ ስለሆነ የከተማ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ኮሪደሩን ተሻገርኩ። በግራው በር ያሉት ሴትዮ ደግሞ ጥላ ለውበት ሲሆን የከተማ እንደሆነ፣ ለሙቀት ሲሆን ግን የአየር ንብረት ሥራ ስለሚባል የመንግሥት እንደሆነ በደግነት ነገሩኝ። እንግዲያው ለውበት ነው ብል ይሻል እንደሆነ ብጠይቅ፣ ለውበት በጀት የለም አሉኝ።

፪. የገባኝን ልጻፍና ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ልጄን የገደላት ሙቀት የመንግሥት ነው፤ የወደቀችበት አስፋልት የከተማ ነው። ጽሕፈት ቤታችሁ የተቋቋመው ሁለቱን ለማገናኘት ነው። እስካሁን እንዳየሁት የተገናኙት በልጄ ላይ ብቻ ነው።

፫. ስለ ሰጣችሁኝ መጽሔትም አመሰግናለሁ። እስከ ሁለት ሺህ ሃምሳ የሚሠራው ሁሉ ተጽፎበታል፤ ሽፋኑ ላይ ሰፊ ዛፍ አለ። ለሰጉላ ሠራተኞች ባሳያቸው ዛፉን አደነቁት፣ ከሥሩ መቆም ግን አልቻሉም። በዚያን ዓመት እኔ ዘጠና አንድ ይሞላኛል፤ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ መጠበቁን ፌርማታው አስለምዶናል።

፬. አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ዘንድሮ የማዕዛ ሁለተኛ ዓመት ሲደርስ፣ የማኅበረሰባችን ቄስ ዋኘው በስግድ፣ በዓመታዊው የጾምና የጸሎት በዓላችን፣ በላያቸው የሚዘረጋውን ባለ ዘርፍ ትልቅ ጃንጥላ ይዘውልኝ መጡ። «እስከ ስግድ ለሠራተኛው ይሁን፤ በዓሉ ሲደርስ ትመልሽልኛለሽ» አሉኝ። ከጎረቤቴ ከእንጉዳይ ጋር ሆነን ከምሰሶው ጋር በገመድ አሰርነው፤ ነፋስ እንዳይወስደው አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ እንጠብቀዋለን። ስድስት ሰው ያስጠልላል፤ ከተጠጋጉ ስምንት። ዳቪድ የሚባል የመጋዘን ሠራተኛ፣ ከሥሩ ለመግባት እንደ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያስፈልግ እንደሆነ በየቀኑ ይጠይቀኛል። ከማዕዛ ወዲህ ያሳቀኝ ሰው እሱ ነው።

በሃያኛው ቀን ጠዋት ሁለት መኪና መጣ። ካንዱ የቀኙ በር ሰውዬ፣ ከሌላው የግራው በር ሴትዮ ወረዱ። ጃንጥላው ያለ ፈቃድ የተተከለ ነገር ስለሆነ እስከ እሑድ እንዲነሣ የሚያዝ ወረቀት ሁለቱም በአንድነት ሰጡኝ። ሥልጣኑ የማን እንደሆነ አልተከራከሩም፤ ኮሪደርም አላሻገሩኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጣሁትን የፌርማታውን ባለቤት አንድ ጃንጥላ በሃያ ቀን አገኘው። ልጄ በወደቀችበት ቀን ከሁለቱ መኪኖች አንዱ እንዲህ ፈጥኖ መጥቶ ቢሆን፣ ትገባበት ነበር።

ክቡራን ሆይ፣ እሑድ ጃንጥላውን አላነሣውም። የማነሣው ጣሪያ ስትሠሩ፣ ካልሆነም ስግድ ሲደርስ ለባለቤቱ ለመመለስ ነው፤ ከስግድ ማግስት ደግሞ መልሼ እለምናቸዋለሁ። በግድ ልታነሡት ከመጣችሁ ግን አደራችሁን በቀትር ኑ፤ ፀሐይ እንዳይመታችሁ ከሥሩ ቦታ እንለቅላችኋለን።

በሁለቱም በሮቻችሁ ደጅ የጠናሁ፣ በየትኛው በር ወጥቼ እንደምሰናበታችሁ ግን እስከ ዛሬ ያልተወሰነልኝ፣

ፋንትነሽ በላቸው
የማዕዛ እናት
ፔታሕ ቲክቫ

ማስታወሻ፦ በትእዛዙ ወረቀት ላይ የመንግሥትና የከተማ ማኅተም ጎን ለጎን አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እንዳይቆሽሽ በላስቲክ አልብሼ ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት። ከቀትር በኋላ፣ ልጄ በወደቀችበት ሰዓት፣ መሬት ላይ መዳፍ የምታህል ጥላ ይጥላል። ሁለታችሁ ተባብራችሁ ለዚያ ቦታ የሰጣችሁት ጥላ እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው።