ጥሩሬ በርዶታል

ውድ አባቴ፣ መሪጌታ ቀለመወርቅ፤

ደብዳቤ በሰላምታ እንጂ በነገር አይጀመርም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ አስቀድሜ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጉልበትዎም ሻል ብሎታል ብላ አብራዎት ያለችው ሳሮን በስልክ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። ይኸው ሰላምታው አለቀ። አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ስልክ ስደውልልዎ "ደኅና ነሽ? እኔም ደኅና ነኝ፤ በይ ካርድሽ እንዳያልቅ" ብለው ይዘጉብኛል፤ እኔም ልነግርዎ ያሰብኩት ሁሉ አፌ ላይ ይቀራል። ደብዳቤ ግን ካልጨረሱት አይዘጋም።

የምጽፍልዎ ስለ ጥሩሬ ነው።

መነጽርዎን ወደ ግንባርዎ ገፋ አድርገው "የምን ጥሩሬ?" እንደሚሉ አውቃለሁ። የቅኔ ተማሪዎችዎ አጠገብዎ ካሉማ ጭራሽ ይክዱኛል። ግን ያውቁታል አባቴ። ልጅ ሳለሁ በረዶ ቆርቆሯችንን ሲደበድበው አልጋ ሥር ስገባ፣ ከመደቡ ተነሥተው መጥተው፣ አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ ብለው "አይዞሽ ውባንቺ፣ ጥሩሬዎች ናቸው። ከጉና ተራራ ወርደው የቆርቆሯችንን ዝገት ሊልሱ ነው" ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

የረሳሁት መስሎኝ ነበር፤ አልረሳሁትም። ጥሩሬ ክረምቱን ጉና ጭጋግ ውስጥ ይከርማል፤ በጋ ሲሆን ወደ ገደሉ ወርዶ ዋሻ ለዋሻ ያድራል። ከአንገቱ እስከ ጭራው እንደ ጥንት ጦረኛ ጥሩር የለበሰ ነው፤ የብረት ቅርፊቱ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ቤት ክዳን የተደራረበ። ሆዱ ግን እንደ ጥጃ ሆድ ስስ ስለሆነ፣ ማንም እንዳያይበት ደረቱን ለመሬት ሰጥቶ ይተኛል። ምግቡ ዝገት ነው፤ ማረሻውን ዝናብ ላይ ጥሎ የሚገባ ሰነፍ ገበሬ ለእሱ ድግስ ደገሰለት ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ ዝገት አይልስም። ይህንን ሲጨምሩበት እናቴ "ኧረ እግዜርን ይፍሩ!" እያለች ስትስቅ ትዝ ይለኛል። የገበያ ጫጫታ ስለማይወድ በአርብ ገበያ ከተማ በኩል ገበያ ቀን ዝር አይልም። በረዶ ሲጥል ግን ጣሪያው ሁሉ የእሱ ነው። ከባዱ እርምጃ የአባትየው፣ ፈጠን ፈጠን የሚለው የእናትየዋ፣ ዝም ብሎ የሚንጣጣው የልጆቻቸው።

ከሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነው። ጥሩሬ አንዲት ቅርፊት ከወደቀችበት ይበርደዋል። አይቆጣም፣ አይናከስም። ቅርፊቱን ያነሣው ሰው ቤት ድረስ ሄዶ ደጁ ላይ ይቆማል። ቢያንኳኳ በሩ እንዳይሰበር ፈርቶ አያንኳኳም፤ ቆሞ ይንቀጠቀጣል እንጂ። ፀሐይ ስትጠልቅ ቆርቆሮ ቤት ጠቅ፣ ጠቅ የሚለው እሱ ሲንቀጠቀጥ ነው ብለውኛል።

አንድ ነገር ነግሬዎት አላውቅም። በሌላው ቀን የተማሪዎችዎ አባት ነበሩ፤ ቅኔው የተበላሸበት ተማሪ ሲቆጡ ድምፅዎ እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር፣ እኔም በሩቁ ነበር የማልፈው። በረዶ ሲጥል ብቻ የእኔ ነበሩ። አገሩ ሁሉ ገብሱን እንዳይመታበት በረዶውን መልስልን እያለ ሲጸልይ፣ እኔ እንዲመጣ እጸልይ ነበር። ጸሎቴ የደረሰ ዕለት የሰው ገብስ ይጠፋል፤ እኔ ግን አባት አገኛለሁ።

አሁን እስቴንና ስማዳን ወደሚያገናኘው ተንጠልጣይ ድልድይ። አንድ ጊዜ አይተውታል፤ ሁለተኛ እንዳያዩት ደግሞ ምለዋል። እዚህ ስማዳ ማዶ በአስተማሪነት የተቀጠርኩ ዓመት፣ ቤቴን ሊባርኩልኝ ከእስቴ ተነሥተው መጡ። እኔ በዚህ ጫፍ ቆሜ እጄን ሳውለበልብ፣ መሐል ሲደርሱ የብረት ገመዱ ተወዛወዘ። የእጅ መደገፊያውን ጨብጠው ቀጥ አሉ፤ ከዚያው ሆነው "ድልድይ ነው ብለሽ ያመጣሽኝ እስክስታ ላይ ነው?" ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እርስዎ ግን አልሳቁም። ቀኝ እጅዎን እንደጨበጡ ዞረው ወደ መጡበት ሄዱ። የጠመቅሁትን ጠላ ጎረቤት ጠጣው፤ እኔ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አላዩም።

ለእኛ ትምህርት ቤት ግን ያ ድልድይ ሁሉ ነገር ነው። የእስቴ ማዶ ልጆች የሚመጡት በእሱ ነው። ድሮ ሰኔ ሲገባ ወንዙ ይሞላና ፈተና ሳይቀመጡ ይቀሩ ነበር፤ መስከረምም ውሃው ሳይጎድል አይመለሱም። ሴቶቹ ደግሞ አንዴ ከቀሩ ቀሩ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት የምንሰማው ሠርጋቸውን ነው። ታዲያ በዚህ ግንቦት የድልድይ ባለሙያ ከወረዳችን ከተማ ከወገዳ መጥቶ ድልድዩን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ አየው። ብዙ ብሎን የለም። ላልቶ የወደቀ አለ፣ ሰው የፈታውም አለ። መግቢያውን በእሾህ አጠረና "ብሎኑ ካልተሟላ ሰው አላሳልፍም፤ ግዥው ደግሞ በመጪው በጀት ነው" ብሎ ሄደ። መጪው በጀት ማለት ፈተናው ካለፈ፣ ወንዙም ከሞላ በኋላ ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት ሦስተኛ ክፍል ሳይንስ እያስተማርኩ ነበር፤ ስለ እንስሳት ገላ፣ ባለ ላባ፣ ባለ ጠጉር፣ ባለ ቅርፊት። ሐረገ ወይን የምትባል፣ ከእስቴ ማዶ ወንዙን በእግሯ ተሻግራ የምትመጣ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ የረጠበ ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ብረት የሚለብስ የለም?"

የለም ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን የእርስዎን ቃል ተናገረ። ስለ ጉና፣ ስለ ዝገቱ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ስሱ ሆዱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐረገ ወይን "እንግዲያ ድልድያችን ጥሩሬ ነው" አለች። "ሆዱን ሰው እንዳያይበት ገደል ላይ ተኝቶ ነው። ቅርፊቱን ወሰዱበት። በርዶታላ!"

ልጆቹ ይህንን ይዘው ወደየቤታቸው ሄዱ። ምክትል ርእሰ መምህራችን ሰምቶ "ይህ ሳይንስ ነው ወይስ ተረት?" ብሎ አፈጠጠብኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ደሴ አውጫጭኝ ጠሩ። የሁለቱ ማዶ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ወይራ ጥላ ተቀመጠ። ደንቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ሌባው ሳይወጣ ማንም አይነሣም። ያየ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሮ ይነግራል፤ እነሱም "ወፍ ነገረችን" ይላሉ እንጂ የነገራቸውን ስም አይጠሩም። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ አዘቀዘቀችም፤ ሽማግሌዎቹ ግን "ወፏ ዝም ብላለች" ከማለት በቀር ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ! እንዴት ትናገር? በየቤቱ አንዳንድ ብሎን አለ። ማን ማንን ይጠቁም?

"እንግዴህ እዚሁ እናድራታለን እንጅ!" አሉ አቶ ደሴ ተናደው።

ያን ጊዜ ሐረገ ወይን ከእናቷ አጠገብ ተነሥታ ቆመች። እናቷ ቀሚሷን ብትጎትታትም አልተቀመጠችም።

"አባባ ደሴ፣ ሌባው ምን ያደርግላችኋል? ጥሩሬው ሌባ አልጠየቀም። ልብሱን ነው የጠየቀው። በርዶታል።"

ሰው ሳቀ። እሷ አላፈረችም። "ማታ ማታ ቤታችሁ ጠቅ ጠቅ አይልም?" አለች።

አባቴ፣ ሳቁ እንዴት እንደቆመ ቢያዩ! የማን ቆርቆሮ ነው ሲመሽ ጠቅ የማይል? ሁሉም አንገቱን ደፋ። በኋላ እትዬ ካሣነሽ፣ በሕይወቷ ሰው ፊት ተነሥታ የማታውቅ ሴት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

"ኧረ እኔስ በቃኝ! ነጭ ሽንኩርት የምወቅጥባት አንዲት አለች። መንገድ ላይ ወድቃ ነው ያገኘኋት፤ የድልድይ ትሁን የመኪና እኔ በምን አውቄ! ልዦቹ ካወሩ ወዲህ ሲመሽ ደጄን እያየሁ እራቴን መብላት አልቻልኩም። በማርያም፣ ውሰዱልኝ!"

አቶ ደሴ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ሽማግሌዎቹም እሳቸውን። ከዚያ ስም እንዳይጠራ ተባለ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንቅብ ይቀመጣል፤ ያለው አምጥቶ ይጥላል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ሰኞ ልጆቹ እንቅቡን ለአራት ተሸክመው አመጡት። ነጭ ሽንኩርት የሚሸት ብሎን ነበረበት። ሸቀጥ ሲመዘንበት የኖረ፣ ቅቤ የጠገበ ብሎን ነበረበት። እንደ ችካል ተተክሎ ላም ሲታሰርበት ራሱ የተቀጠቀጠም ነበረበት። ምንም ያልወሰዱ ሰዎች ደግሞ ባዶ እጃቸውን መምጣት አፍረው የዶለዶመ ማጭድ፣ የበቅሎ ጫማ፣ አንዷም ማንኪያ ጥለዋል፤ ልብስ ከሆነ ይኸው ብለው። በብረት ይዘጋ የነበረው የአቶ ደሴ አጥር በርም ከዚያ ቀን ጀምሮ በእንጨት ነው የሚዘጋው።

ባለሙያው ከወገዳ ተመልሶ መጣ። እንቅቡን ሲያይ "ይህን ሁሉ ማን መለሰው?" ቢል፣ ልጆቹ ባንድ ድምፅ "በርዶት ነው!" አሉት፤ ምንም አልገባውም። እያንዳንዷን ሲያጠብቅ እነሱ ገመዱን እየዳበሱ "አሁን ሞቀህ?" ይሉት ነበር። ሰኔ ሳይገባ እሾሁ ተነሣ። ወንዙ አሁን ሞልቶ እየጮኸ ነው፤ ሐረገ ወይን ግን በላዩ አልፋ መጥታ ትናንት ፈተናዋን ጨርሳለች። ወጥታ "መስከረም የት ክፍል ነው የምንማረው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ከዚህ የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን የለም። ምክትላችንም "ተረትም ቢሆን ብሎን ካስመለሰ…" ብሎ ሳይጨርሰው ሄዷል።

ታዲያ አንዲት ብሎን ጎድላለች። መሐሉ ላይ፣ የእጅ መደገፊያው ላይ። ባለሙያው ቦታዋን ለጊዜው በሽቦ አሰረው፤ ለመሻገር አታሰጋም አለ፣ ግን ትፈለግ አለ። ያልፈለግንበት ቦታ የለም።

ባለፈው ሳሮን ስትደውልልኝ በወሬ ወሬ "አባባ ዳዊታቸው ላይ የብረት ነገር ያስቀምጣሉ፤ ነፋስ ቅጠሉን እንዳያገላብጥባቸው ነው። ስነካው ተቆጡኝ" አለችኝ። ምን ዓይነት ብረት? አልኳት። ወፍራም ነው፣ ራሱ ስድስት ማዕዘን ነው አለች። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። የጨበጡት ቀኝ እጅዎ ትዝ አለኝ።

ሌባ አላልሁዎትም፤ ምላሴ ይቆረጥ። ላልታ ነበር፣ በእጅዎ ቀረች። ለምን እንዳልጣሏት ግን ብዙ አሰብኩ። ብረት ጠፍቶ አይደለም፤ ዳዊት በጠጠርም ይያዛል። እኔ የማምነውን ልንገርዎ? ልጅዎ ካለችበት ማዶ እጅዎ የገባች ነገር እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። ተሳስቼ ከሆነ ይቆጡኝ፤ ፊት ለፊቴ ቆመው ግን።

ብሎኗን በሳሮን አይላኩልኝ። በተማሪም፣ በገበያተኛም አይላኩ። እኔም መጥቼ አልወስዳትም። ራስዎ ይዘዋት ይምጡ፤ ቦታዋ በሽቦ ታስሮ ይጠብቅዎታል። ዘንድሮ እኔ ጫፍ ላይ ቆሜ አላውለበልብም፤ እስከ መሐል እመጣና እጅዎን እይዛለሁ። ይወዛወዛል፣ አልዋሽዎትም፤ ግን ይችላል። የቤቴ ክዳን ቆርቆሮ ነው፤ በረዶው ደግሞ በሐምሌ አይቀርም። ሲጥል አጠገቤ ተቀምጠው የትኛው እርምጃ የማን እንደሆነ እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ። እየናፈቅሁዎት ነው አባቴ። ይኸው፣ በስልክ ያላልኩት እሱን ነበር።

ከወንዙ ማዶ የምትጠብቅዎ
ልጅዎ ውባንቺ

ይህንንም ልጨምር፦ ዛሬ ሲመሽ የቤትዎ ክዳን ጠቅ፣ ጠቅ ካለ አይደንግጡ። አያንኳኳም።