ለማንም ያልነገርኩት የሲና መንገድ

ረቡዕ

ሲና ብሎ ማን ነገራቸው?

ገበያ ላይ ድንች ስመርጥ ጋሽ ተፈራ ከኋላዬ መጥተው፣ «ሰናይት፣ ሲና በዚህ ወራት በጣም ይሞቃል ይባላል፣ እውነት ነው?» አሉኝ። ድንቹ ከእጄ ወደቀ። «እኔ በምን አውቄ ጋሼ» ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም ሳቅ አልመሰለኝም።

ጋሽ ተፈራ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፖርቲዬሬ፣ በር ጠባቂ፣ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጠው ወጪ ገቢውን ያያሉ። እኛ ከአገራችን ኤምባሲ ሰፈር ርቀን ስንዞር እሳቸው ፓስፖርታቸውን በየጊዜው ያሳድሳሉ። ስለ መንግሥት ክፉም ደግም አይወጣቸውም። እዚህ ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለው ሐበሻ ሁሉ ስለሳቸው የሚለው አንድ ነው፦ የኤምባሲው ጆሮ ናቸው።

መንገዴን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ አሠሪዬ ሲኞራ ናቸው፤ የምሄድባት ሞቶ፣ ሞተር ብስክሌቷ፣ የሟች ባለቤታቸው ስለሆነች ከሳቸው ልደብቅ አልችልም። ሲኞራ ደግሞ ከኔ በቀር ሐበሻ አያውቁም። ሌላዋ ጓደኛዬ አስቴር ናት።

አስቴር!

ሐሳቡ ይኸው ነው፤ ከቬኒስ በመርከብ እስክንድርያ፣ ከዚያ ካይሮ፣ ስዊዝን ተሻግሮ የሲናን ባሕረ ገብ መሬት በባሕሩ ዳር ወደታች፣ ጫፉ ድረስ። ብቻዬን። ለምን ብሎ ለሚጠይቅ መልሴ አጭር ነው። ሮም ከመጣሁ ጀምሮ የሄድኩበት መንገድ ሁሉ ተልኬ ነው፤ ወደ ዳቦ ቤት፣ ወደ ፋርማቺያ፣ ወደ ልብስ ንጽህና ቤት። አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ባልላከኝ መንገድ መሄድ እፈልጋለሁ።

ኤምባሲው ከሰማ ግን ሽርሽር ብሎ አያምንም። ጥገኝነት የጠየቀች ሴት ብቻዋን ዓረብ አገር? «የወንበዴ ተላላኪ» ነው የሚሉኝ። እኔን አያገኙኝም፤ እማዬን ግን ቀበሌ ያገኛታል። እዚህ ካለነው አንዷ ለሰርጓ ካርቱም ብትሄድ አባቷ ቀበሌ እስር ቤት ከረሙ። እማዬን የሚያስጠራ ከሆነ ሲና ይቅር፤ ይሄ አያከራክርም።

ሐሙስ

ከሰዓት ዕረፍቴ። የሐበሻ ሠራተኛ ሁሉ ሐሙስ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ይሰበሰባል፤ እኔ ግን እንደ ወትሮዬ ሞቶዋን ይዤ ከከተማው ዳር፣ ከሮማኒና ወዲያ፣ ቤት ሊሠራበት አሸዋ የተቆለለበት ሜዳ ሄድኩ። አሸዋ ላይ መንዳት ያስተማረኝ አባዬ ነው። የቴሌ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ አዋሽ በረሃ ላይ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ከኋላው አስቀምጦ ይዞኝ ይዞር ነበር። «አሸዋ ስትገቢ አትፍሪ፤ ፍሬን የያዘ ይወድቃል» ይለኝ ነበር። ዛሬም ፍሬን ያዝኩና ወደቅሁ።

ግን አንድ ድል አለ። የኋላውን ጎማ ብቻዬን አውልቄ የውስጡን ካላማዳሪ ቀየርኩ። ሁለት ጥፍሬ ተሰበረ፤ ቫ ቤኔ፣ ይሁን።

የቀረኝ፦ ትርፍ ካንዴላ፣ የቤንዚን ጀሪካን ማሰሪያ፣ ከግብፅ ኮንሶላቶ ቪዛዬን መቀበል፣ ከአሸዋ ፊቴን የምሸፍንበት ነጠላ።

ስመለስ ግን፣ ሮማኒና፣ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ጋሽ ተፈራ! ሐበሻ በማይደርስበት ቦታ! ብብታቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል። ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም አሉኝና አንድ እርምጃ ወደኔ መጡ። እኔ ጋዝ ሰጥቼ በረርኩ።

አሎራ፣ እንግዲህ እየተከተሉኝ ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለው ምንድን ነው? ቱቦ? ጠመንጃ ነው እንዳልል ፖርቲዬሬ ጠመንጃ ምን ያደርግለታል? ግን ምን ይታወቃል።

ዓርብ

አስቴር ፓሪዮሊ ሰፈር ወደምትሠራበት ቤት ደወልኩላት። «ለጋሽ ተፈራ ሲና እንደምሄድ ነገርሻቸው?»

«ሰናይትዬ፣ ለክፉ አይደለም» አለች።

«ሐሙስ የት እንደምነዳስ?»

«እሱም ለክፉ አይደለም።»

ዘጋሁባት። ስንት ዓመት አንድ አልጋ ተጋርተን የተኛን ልጆች! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የሷ ግን ያመለጠ አይመስልም፣ አስባ ነው የተናገረችው። ምን ሰጧት? ወይስ ወንድሟ ከአዲስ አበባ መውጫ ፈቃድ እንዲያገኝ ቃል ገቡላት? ይህን ሳስብ ራሴን ጠላሁት፤ ማሰቡን ግን አልተውኩም።

ሲኞራ ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ። እንደ ነገሩ ነገርኳቸው። «እናንተ ሰዎች እርስ በርሳችሁ እንደ ሌባ ነው የምትተያዩት» አሉ። እሳቸው ምን ያውቃሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ቅዳሜ

ቆረጥኩ። ቀርቷል።

ከሞቶዋ ላይ ቦርሳዎቹን አወረድኩ። አወረድኩና አለቀስኩ፤ ማንም ስለሌለ እውነቱን ልጻፍ፣ ጎማው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ሆን ብዬ በጋሽ ተፈራ በር በኩል አለፍኩ። የሰሙት እንዲያረጅባቸው። «ጋሼ፣ ያ የሲና ወሬ ቀልድ ነበር። ሲቺሊያ ነው የምሄደው፣ እሱም በባቡር» አልኳቸው።

ጆሮ የሆነ ሰው ወሬ ሲያገኝ ዓይኑ ይበራል። የሳቸው ፊት ግን ወደቀ። «ሲና አትሄጂም?» አሉ፤ ድምፃቸው ወደ ውስጥ ገባ። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ቁልፋቸውን ያሻሹ ጀመር። እኔ ቀረሁ እንጂ እሳቸው ምን ቀረባቸው?

ይሄ ደግሞ የባሰ አጠራጠረኝ።

እሑድ

ቅዱስ እስጢፋኖስ። ቤተ ክርስቲያኑ የካቶሊኮቹ ቢሆንም ግዕዙን ለመስማት እንሄዳለን። ቅዳሴው እንዳለቀ አስቴር ክንዴን ይዛ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰደችኝ። ጋሽ ተፈራ እዚያ ቆመዋል፤ ያው ጋዜጣ ብብታቸው ሥር ነው። ልሸሽ ነበር፤ አስቴር አልለቀቀችኝም።

«ንገሯት ጋሼ» አለች። «እኔ ከዚህ በላይ በሁለታችሁ መሐል መቆም አልችልም።»

ጋሽ ተፈራ ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ በቀስታ ነገሩኝ። ሴት ልጃቸው በመተማ በኩል በእግሯ ወጥታለች። ስትነሳ ለእመቤታችን ስለት ተሳሉ፤ «ሙሴ ሲና ላይ ያያት ቁጥቋጦ ነድዳ እንዳልተቃጠለች፣ ልጄን ከዚያ ሐሩር ሳትቃጠል ካወጣሽልኝ፣ እዚያው ዕፀ ጳጦስ ያለችበት ገዳም ጃንጥላ አስገባለሁ» ብለው። ልጅቷ በሰላም ካርቱም ገብታለች። ስለቱ ግን አልገባም። የግብፅ ቪዛ ፓስፖርታቸው ላይ ከተመታ፣ ሲያሳድሱ ይታያል፤ ለምን ሄድክ ይባላል፤ ልጅቷም ትወሳለች። ባለቤታቸው ገና አዲስ አበባ ናቸው።

«ታዲያ ፓስፖርቱን የሚያሳድሱት...»

«ቤቴ ሰላም እንዲያድር ነዋ ልጄ።»

በቀጥታ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጠየቅኋቸው። አስቴር ከሳቸው ቀድማ መለሰች። «አንቺን ይፈሩ ነበራ! ሰው ሁሉ ሐሙስ ተርሚኒ ሲሄድ አንቺ ትጠፊያለሽ። የኤምባሲው ጆሮ ሰናይት ናት ነው የሚባለው።»

እኔ!

መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። አስቴር የሁለታችንንም ምስጢር ይዛ፣ የሳቸውን ለኔ መንገር ስላልቻለች የኔን ለሳቸው ነገረች። ይቅር አልኳት፤ አፌ ይቅር አለ፣ ሆዴ ገና ነው።

ጋዜጣውን ፈቱት። ከፖርታ ፖርቴዜ ገበያ የገዙት ተራ ጥቁር ጃንጥላ ነው፤ ቀይ ከፋይ አልብሰው በዙሪያው የመጋረጃ ዘርፍ ሰፍተውበታል። ስፌቱ ጠማማ ነው። በገዛ እጃቸው ነው የሰፉት።

«ውሰጂልኝ» አሉ። ሁለት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።

ሰኞ

ፈተሽኩት።

ሲኞራ እንደተኙ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ጃንጥላውን ዘረጋሁት። እጀታውን አሽከረከርኩ፣ አራገፍኩት፣ ዘርፉን በጣቴ ዳበስኩ። ድንበር ላይ የሚያስይዘኝ ነገር ደብቀውብኝ ቢሆንስ? ከፋዩን ለመተርተር መቀስ አነሳሁ። ያ ጠማማ ስፌት መሐል ላይ በሌላ ቀለም ክር ይቀጥላል፤ ክሩ አልቆባቸው ነው። መቀሱን አስቀመጥኩት።

ምንም የለበትም። ማፈሬን እዚህ ልጻፈው፤ አፈርኩ።

ቦርሳዎቹን እንደገና ጫንኩ፤ ከባሕሩ ዳር ወደ ገዳሙ ተራራ እታጠፋለሁ። ጃንጥላው ቦርሳ ውስጥ አልገባ አለ፣ ረጅም ነው። በላስቲክ ጠቅልዬ በሞቶዋ ጎን በቺንጋ ቀበቶ አሰርኩት። ፈትቼ ደግሜ አሰርኩት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ቀኑን አልጽፍም

ቪዛዬን ተቀበልኩ። የመርከቡም ቲኬት እጄ ገብቷል። ለማመስገንም ለመሰናበትም ብዬ ወደ ጋሽ ተፈራ በር ሄድኩ።

«ፈተሽሽው?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

ውሸት አልመጣልኝ አለ። «ፈተሽኩት ጋሼ።»

«እኔም ብሆን እፈትሸው ነበር» ብለው ሳቁ። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ የፊት ጥርሳቸው የለም።

ይኼ ሁሉ ጥርጣሬ በአንድ ነገር ማለቅ አለበት ብዬ፣ «ጋሼ፣ መርከቤ የሚነሳው...» ስል እጃቸውን አነሱ።

«ተይ! እንዳትነግሪኝ!» አሉ። ደነገጥኩ። ቀስ ብለው፣ «ፓስፖርት ላሳድስ እዚያ ቤት እገባለሁ ልጄ። ወንበር ስበው ያስቀምጡኝና ስለ ሰው ይጠይቁኛል። ያላወቅሁትን ማንም ከአፌ አያወጣውም» አሉ።

ትራም ላይ ሆኜ ሳወጣ ሳወርድ መጣሁ። ይጠየቃሉ ማለት ነው። ታዲያ እስከዛሬ ምን መልሰው ነው? ስለ ማን? አላውቅም፤ መቼም ላላውቅ እችላለሁ። ግን ወሬ ሊሸጥ የሚፈልግ ሰው አፉ ድረስ የመጣለትን ወሬ አይመልስም። ለእማዬ ደህንነት ይህ ይበቃል ብዬ አመንኩ። ማመን ካሉት።

ይህ ደብተር ሲኞራ ቤት ይቀራል። ስለዚህ የመነሻዬን ቀን እዚህም አልጽፈውም። ቤንዚኑ ሞልቷል፣ ጃንጥላው ታስሯል።