ያለ አንቲቦዲ የቀላው ናሙና

እህት ዓለም፣ እንዴት ከረምሽ? እኛ አገር ቤት በአንድ ማይክሮስኮፕ እንጋፋለን፤ እዚህ ውጭ አገር ለየሰዉ አንድ አንድ አለ። ትናንት ሴሎችን ከውጭ አቅፎ የሚይዘውን ፕሮቲን ስንፈልግ፣ እሱን ለይቶ የሚጣበቅበት አንቲቦዲ ሲያገኘው ይቀላል የተባለው ናሙና ቀላ፤ ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ግን «ያለ አንቲቦዲውም እንሞክረው» አልኩ።

የቤተ ሙከራው አለቃ «አንቺ ለሥልጠና የመጣሽ እንግዳ ነሽ፤ አርፈሽ ተቀመጪ!» አለኝ።

አልተቀመጥኩም። ብቻዬን ሠራሁት፤ ያለ አንቲቦዲውም ቀላ! ቅላቱ ፕሮቲኑ መገኘቱን አያሳይም ማለት ነው፤ ለካ ያጨበጨቡት ለባዶ ነገር ነበር። አለቃው አኮረፈኝ፤ ያኩርፍ! ዛሬ ሙከራውን እንደ አዲስ እያቀድኩ ነው፤ ቢያባርረኝም በውሸት ውጤት ላይ አልፈርምም።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። ለእማዬም ዛሬም ከሰው እንደምከራከር ንገሪልኝ፤ ደህና መሆኔን በዚያ ታውቃለች።

ግትሯ ጓደኛሽ