ለአሠልጣኙ ስንብት የተሳለ ዣንጥላ

ቦንጋ፣ የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለናፈቅከኝ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? እኔ ይመስገነው፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ፀዳለ ጉልበታቸው ብሶባቸው ጅማ ድረስ ሄደው ነበር። ሐኪሙ ክብደት ይቀንሱ ቢላቸው፣ «የማልበላውን ምን ልቀንስ?» ብለውት ተመለሱ። ልጃቸው ትሁት ሁለተኛዋንም ሴት ወለደች። ባሏ ቢታ ገነት ነው የሚያስተምረው፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመላለሳል። ሁሉም ሰላም ብለውሃል።

ሙሴ ሮላን ማሠልጠን ማቆሙን፣ አንተም ለፋሲካ ጠቅልለህ እንደምትገባ የጻፍክበት ደብዳቤ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት ብለሃል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

መቼም እንደ እኛ ቤት የአንድ ፈረንሳዊ አሠልጣኝን ዕድል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተከታተለ ቤት ያለ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ክለብ ሊያሠለጥን ሲመጣ አንተ አስተርጓሚው ሆንክ። ሲያሰናብቱት ደግሞ ረዳቴ ብሎ ቶጎ ይዞህ ሄደ። እማዬን «አንድ ዓመት ብቻ ነው» አልካት። እሷም የማንኪራ ማር በጀሪካን ሞልታ፣ «ለሰውዬው ስጠው፣ ልጄን በዓይኑ ይይልኝ» ብላ ሰጠችህ። ቶጎ አባረሩት፣ ጋቦን ቀጠሩት። ጋቦንም አባረሩት፣ ማሊ ገባ። አንተም በየጊዜው አንድ ዓመት ብቻ ትላለህ።

እሱ ካልተሰናበተ አንተ እንደማትመጣ ሲገባት እማዬ ለሚካኤል ዣንጥላ ተሳለች። ይህን እስካሁን ደብቄሃለሁ። ባለሱቁ ሰማን እሁድ እሁድ በእሱ ስልክ ስትደውል ውጤት ይጠይቅህ የለ? ለኳስ ፍቅር እንዳይመስልህ። ስልኩን እንደዘጋህ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሦስት ለባዶ ተሸነፉ» ብሎ ይጣራል። እሷ ደግሞ «ውሸታም፣ ባለፈውም እንዲህ ብለኸኝ አቻ ነው የወጡት» ትለው ነበር። ማሊ ሲያሰናብቱት ዣንጥላውን ገዝታ አስገባች። ባስገባች በሦስተኛው ሳምንት ከማዳጋስካር ደወልክ።

አባ ገብረሚካኤል ነገሩን ሲሰሙ ተቆጧት። በሰው ሽንፈት ስለት አይሳልም አሏት። እሷም «አባቴ፣ እኔ ይሸነፍ አላልኩም፣ አገሩ ይግባ ነው ያልኩት። እሱስ እናት የለውም ወይ?» አለቻቸው። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ፀፀት ገብቷት ነበር፤ ስግደት ሰጧት፣ በዚያ ወገቧ ሰገደች። ሰውዬው ከየአገሩ ሲሰናበት ሻንጣውን ይዞ እንደሚወጣ፣ ከአንተ በቀር አንድም ሰው ሸኝቶት እንደማያውቅ የነገርካት ዕለት ደግሞ አለቀሰችለት።

እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ የተቀየምኩት ሮላንን አይደለም። አንተን ነው። ጥቅምት ላይ እማዬ አልጋ ስትይዝ ጻፍኩልህ። የቀሩትን ጨዋታዎች ልጨርስና እመጣለሁ፣ አሁን ጥዬው ብሄድ ሰውዬው ብቻውን ይቀራል አልክ። እሷም ሰምታ «ይጨርስ» አለች። ከዚያ ወዲህ ስንት ለስንት ሆኑ ብላ አልጠየቀችም። ሰማንም ከበረንዳው መጣራቱን ተወ። ቀን ቀን ስትገላበጥ የበሩን መጋረጃ ክፈቺልኝ ትለኝ ነበር፣ መንገዱን ለማየት። እኔ አጠገቧ ሆኜ መንገዱን ነበር የምታየው።

ይህን የምጽፈው ልወቅስህ ብዬ አይደለም። ከማን ጋር ላውራው ብዬ ነው።

እሁድ መደወልህን ሰማን ነግሮኛል። መጥቼ ያላናገርኩህ ድምፄ ተዘግቶ ነው። ስለ እማዬ ስትመጣ ቁጭ ብለን እናወራለን። ጅማ ስትደርስ አጎታችን ጋሽ ኃይለሚካኤል መናኸሪያው ላይ ይጠብቁሃል። እሳቸው ቤት እደር፣ በነጋታው አብራችሁ ትመጣላችሁ። ብቻህን ወደ ቤት አትምጣ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ፣ አንተም የዚሁ አገር ልጅ ነህ። ለእኔ ልብስ ልግዛ ብለህም አትቸገር፣ ዘንድሮ ቀለም ያለው ነገር አልለብስም።

ሰው አልተለየኝም። የሰማን ባለቤት ሙስሊማ ጠዋት ጠዋት ሻይ በፔርሙስ ይዛ ትመጣና «ሳትበዪ አልነሳም» ብላ ትቀመጥብኛለች። ዛሬ ደግሞ የልጅነት ጓደኛህ ፍቃዱ መጥቶ ነበር፣ አሁን የከተማውን ወጣቶች ቡድን ያሠለጥናል። ለፋሲካ ትመጣለህ ብዬ ስነግረው ደስ አለው። ሜዳው ላይ አብረን እንሠራለን፣ እሱ የሚያውቀውን ያሳየናል አለ። ከዚያ የእማዬን አልጋ አየት አድርጎ፣ «ግን እንግዲህ ማን አለኝ ብሎ ይቀመጣል?» አለኝ።

«እኔ አለሁ አይደል ወይ» አልኩት።

እግዚአብሔር በሰላም ያግባህ። ሙሴ ሮላንንም ያገሩ ሰው በደህና ይቀበለው።

እህትህ